ከስክሪኑ በፊት ጠረጴዛው ይሠራ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልን። የበጀት ወቅት በደረሰ ቁጥር ከባዮሎጂ ላብራቶሪዎች የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ትልቅ የንክኪ ስክሪን ይገዛልን» የሚል። የጥያቄው መነሻ ቅን ነው። ከመስክ የመጣው መረጃ ኤክሴል ውስጥ ታጭቆ ተቀምጧል። አንድ ሰው ማውዙን ይይዛል፣ የቀሩት ከትከሻው ጀርባ ቆመው ያያሉ። «እስቲ ይሄኛውን ከዚያኛው ጋር አስተያየው» የሚል ሰው ማውዙ እስኪደርሰው ሐሳቡ ይጠፋበታል። ስክሪኑ ቢሰፋ ከኋላ ለቆሙት በደንብ ይታያቸዋል እንጂ እጃቸው አሁንም ባዶ ነው። ጓንት ሲደራረብ ወይም ጣት ሲረጥብ ደግሞ የንክኪው ስክሪን ራሱ ማስቸገሩ አይቀርም።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ሦስት አራት ተመራማሪዎች ዙሪያውን ቆመው፣ የእንጨት ዕቃ እያነሱና እያስቀመጡ መረጃቸውን የሚመረምሩበት ጠረጴዛ እዚሁ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሊሠራ ይችላል። ጎበዝ አናጺ፣ አንድ ብረት በያጅ፣ አንድ ዌብካም፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ተራ ሞኒተር ይበቃዋል። ዌብካሙ ዕቃዎቹ የት እንዳረፉ ያነባል፣ ሞኒተሩ የዚያን ቦታ መረጃ ያወጣል። ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሥራው የት የት ላይ እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ አስቀድሞ ቢታወቅ ብዙ ድካም ስለሚቀር ነው።

አሠራሩ በሌላው ዓለም ከተሞከረ ቆይቷል። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሂሮሺ ኢሺና ብሪግ ኡልመር የኮምፒዩተርን መረጃ በሚጨበጥ ዕቃ ስለመያዝ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዌልስሊ ኮሌጅ ኦሪት ሻየርና ባልደረቦቿ ጂ-ኖም ሰርፈር የተባለ የጂን መረጃ መመርመሪያ በጠረጴዛ ላይ ሠርተዋል። የተሠራበት ዕቃ ግን ተገዝቶ የመጣ ጠረጴዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ማይክሮሶፍት ሰርፌስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙ ወደ ታብሌት ዞረ፣ ጠረጴዛው ፒክስልሴንስ ተባለ፣ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። አናጺ የሠራውን ጠረጴዛ አናጺ ይጠግነዋል፤ ከሁሉ አስቀድመን ይህን የምናነሳው ለዚህ ነው።

ለምሳሌነት የምንወስደው የከተማችንን ጉዳይ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሀር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከዚችው ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ውሃ ያላጠራቀመ ቤት የለም። ስለዚህ የአጥኚው ጥያቄ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ማየትን ይፈልጋል፤ ውሃ መያዣው የት ነው፣ የትንኟ እጭ መቼ ታየ፣ ሕመምተኛው የትና መቼ ተገኘ። ይህን በኤክሴል ረድፍ ማየት ከባድ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ግን ይቻላል።

ጠረጴዛው ቆመው የሚሠሩበት ስለሆነ ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር ይሁን። ላዩ 120 በ80 ሴንቲሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ከዚያ ውስጥ መካከሉ ላይ 80 በ45 የሆነው ክፍል ካሜራው የሚያነበው ነው፤ ዙሪያው ሥራ የሌላቸው ዕቃዎች የሚያርፉበት ነው። የላይኛው 36 ሴንቲሜትር ካርታ ይሆናል፣ የታችኛው 9 ሴንቲሜትር የጊዜ ማስመሪያ። ካርታው 1 ለ2,000 ቢታተም 1 ሴንቲሜትር 20 ሜትር ነው፤ 1.6 ኪሎ ሜትር በ720 ሜትር የሆነ ሰፈር ይይዛል። ከተማውን በሙሉ አንድ ካርታ ላይ ማስገባት ያጓጓል፤ ግን ያኔ አንድ በርሜል ከጎረቤቱ በርሜል አይለይም። ሰፈር በሰፈር ማተምና ካርታውን መቀያየር ይሻላል።

ካሜራው ከላይ ወደ ታች ያያል። 60 ዲግሪ አግድም የሚያይ ተራ ዌብካም ከላዩ 80 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢታሰር 92 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያያል፤ ለአራቱ የማዕዘን ምልክቶች በቂ ትርፍ አለው። የሚታሰረው ከቱቦላሬ በተበየደ ክንድ ላይ ሆኖ ክንዱ ከጠረጴዛው ጋር የተያያዘ ይሁን። ኮርኒስ ላይ ከታሰረ ጠረጴዛው በተገፋ ቁጥር ካርታው ይስታል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታሰብበት፤ የድሬዳዋ ላብራቶሪ ያለ ቬንትሌተር አይሆንም፣ ቬንትሌተር ደግሞ ቀጭን ክንድን ያንቀጠቅጣል። 4 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦላሬ ከጎኑ ሰያፍ ድጋፍ ቢበየድለት ንዝረቱን ይችለዋል።

ዕቃዎቹን ካሜራው የሚለየው በላያቸው በተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ምልክት ነው። አሩኮ የሚባለው የምልክት ዓይነት ኦፕን ሲቪ ከተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጋር ይገኛል። ከ4 በ4ቱ ዓይነት 50 ምልክት ያለው ስብስብ ከበቂ በላይ ነው። መጠኑ በግምት አይወሰንም። ካሜራው በአግድም የሚያያቸው 1280 ነጥቦች (ፒክስሎች) በ92 ሴንቲሜትር ላይ ሲካፈሉ ለአንድ ሴንቲሜትር 14 ነጥብ ገደማ ይደርሳል። የምልክቱ አንድ ጎን ጥቁሩን ጠርዝ ጨምሮ 6 ሳጥን ነው። ስለዚህ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ምልክት ለአንድ ሳጥን 9 ነጥብ ያገኛል፣ 3 ሴንቲሜትር የሆነው 7። ካሜራው 640 ብቻ ከሆነ ይህ በግማሽ ይወርዳል፤ ባለ 3 ሴንቲሜትሩ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ሰዎች «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ብለው የሚተዉት ያኔ ነው።

ምልክቱ ዙሪያውን ቢያንስ ግማሽ ሴንቲሜትር ነጭ ኅዳግ ይፈልጋል። ወረቀቱን አሳምረው እስከ ጥቁሩ ድረስ የሚቆርጡ አሉ፤ እንጨቱ ጠቆር ያለ ከሆነ ካሜራው ጠርዙን አያገኘውም። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የመብራቱ ነጸብራቅ ላዩ ላይ ሲያርፍ ምልክቱ ግማሹ ነጭ ይሆናል። የማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በሌዘር ፕሪንተር ይታተም፤ በቀለም ፕሪንተር የታተመው አልኮል የነካው ጨርቅ ባለፈበት ቁጥር ይደማል። የካሜራው ራስ ሰር ፎከስና ራስ ሰር ብርሃን ማስተካከያ ሁለቱም ይዘጉ፤ አለዚያ እጅ ባለፈ ቁጥር ካሜራው ትኩረቱን ፍለጋ ይዋዥቃል። የብርሃን መቀበያ ጊዜው 10 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። 10 ሚሊ ሰከንድ አንዱን ርግብግብታ በሙሉ ይይዛል፤ ስለዚህ ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር አይወጣም፣ ዕቃ ሲንቀሳቀስም ብዙ አይደበዝዝም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ላይ እንምጣ። ዕቃ ሲባል ለእጅ የሚመች፣ ደልደል ያለ፣ እንደ ዳማ ጠጠር የሚነሳ ነገር ይታሰባል፤ 4 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው የእንጨት ኩብ እንበል። ካሜራው መካከል ላይ ስለተቀመጠ ከመካከሉ 35 ሴንቲሜትር የራቀን ኩብ አናት በሰያፍ ያየዋል። አናቱ ያለበት የሚመስለው ቦታ ከእውነተኛው 1.8 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። በካርታው ልክ ይህ 37 ሜትር ነው፤ ሌላ ግቢ ብቻ ሳይሆን ሌላ መንገድ ነው። ተመራማሪው በርሜሉ ላይ አስቀምጫለሁ ይላል፣ ሞኒተሩ የጎረቤት ሮቶ ያሳያል፤ ማንም ስህተቱን አይጠረጥርም፤ ምክንያቱም ውጤት ወጥቷል። ስለዚህ ዕቃዎቹ በሙሉ ከአንድ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔርሳቶ ይቆረጡ። ያኔ ግፊቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ የውፍረታቸው እኩል መሆን ደግሞ ማረሚያውን ቀላል ያደርገዋል፤ ከመካከል ያለውን ርቀት በ80 አካፍሎ በ79 ማብዛት ነው። አንዱ ዕቃ ከወፍራም፣ ሌላው ከስስ ጣውላ ከተቆረጠ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡ ደግሞ ይረሳል።

ቅርጹም ይታሰብበት። 5 በ5 ሆኖ ምልክቱ ላዩን በሙሉ የያዘው ዕቃ ሲጨበጥ መዳፍ ይሸፍነዋል። ከአንድ ጎኑ 3 ሴንቲሜትር እጀታ ትርፍ ይኑረው፤ 5 በ8 ይሁን። ጣት እጀታውን ይይዛል፣ ምልክቱ ከላይ እንደታየ ይቆያል። ለማንኛውም ፕሮግራሙ ምልክት ሲጠፋበት ዕቃው ተነሳ ብሎ ወዲያው አይደምድም፤ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቅ። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ንቅናቄንም ንቅናቄ አይበለው፤ ያለዚያ ማንም ሳይነካው ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። የጠረጴዛው ላይም ሆነ ዕቃው በብርጭቆ ወረቀት ተልጎ በማያብረቀርቅ ቀለም ይቀባ። ቃላት ከመጻፍ ቅርጽ መለየት ይሻላል፤ በአንድ ላብራቶሪ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በሚነገርበት ከተማ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ጥርስ ያለው ጠርዝ ሁሉም ያነበዋል፤ ዓይን ሳይመለከትም ጣት ይለየዋል።

የትኞቹ ዕቃዎች? አንድ ዕቃ ለአንድ ጥያቄ፣ ከዚያ አይለፍ። አንደኛው ቀለበት ነው፤ ካርታው ላይ ሲያርፍ በዙሪያው 100 ሜትር ውስጥ ያሉ ውሃ መያዣዎችንና ሕመምተኞችን ሞኒተሩ ላይ ያወጣል። ሲዞር ርቀቱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። መዞሪያው እንደ ድሮ ሬዲዮ ቁልፍ መነሻና መድረሻ ይኑረው፤ 300 ዲግሪ ብቻ ይሥራ፣ የቀረው 60 ዲግሪ ምንም አይለውጥ። 360 ዲግሪውን በሙሉ ከተጠቀምን 359 ላይ የነበረው 500 ሜትር በትንሽ ንክኪ ወደ 20 ሜትር ይዘላል። ቁጥሮቹ ካርታው ላይ ሳይሆን ቀለበቱ ላይ ይቀረጹ።

ሌላው የጊዜ ማስመሪያው ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እንፈልጋለን። በየጤና ጣቢያው መዝገብ የሚያዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ያ መረጃ ኤክሴል ውስጥ ሲገለበጥ ጥቅምት 30 ቀን 2014 «30/2/2014» ተብሎ ይጻፋል። ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኤክሴል ይህን ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያነብና እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጥቅምት 29ም እንዲሁ። ጥቅምት 28 ግን በሰላም ያልፋል፤ ፌብሩዋሪ 28 ሆኖ! ጳጉሜን ሙሉ በሙሉ ይወድቃል፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ሰንጠረዡ ሲታይ ጤናማ ይመስላል፣ ግራፉ ላይ ግን አንዳንድ ቀናት ጠፍተዋል፣ የቀሩት ቦታቸውን ስተዋል። ሰዓቱም አለ፤ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» የተያዘች ትንኝ 1 ተብላ ከገባች ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተያዘች ሆና ትቆጠራለች። ትንኟ መቼ ነው የምትናከሰው የሚለው ጥያቄ ላይ ይህ ስህተት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ማስመሪያው በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ይቀረጽ። አንድ ቀን 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ወሩ 6 ሴንቲሜትር ነው። 12 ወር 72 ሴንቲሜትር፣ ጳጉሜን 1 ሴንቲሜትር፤ ድምሩ 73፣ በ80 ሴንቲሜትሩ ላይ ልክ ይቀመጣል። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን 2 ሚሊ ሜትር ትጨምራለች፤ ለዚያ ዓመት ሌላ ማስመሪያ ይኑር። ጳጉሜን በጣት የምትዳሰስ አጭር ቦታ ስትሆን «የእነዚያ ቀናት መረጃ የታለ?» የሚል ሰው ይነሳል። በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ግን ያ ጥያቄ የሚነሳበት ቦታ የለም።

ማስመሪያው ላይ የሚሄደው ዕቃ ድልድይ ይባል። ሁለት እግር አለው፤ አንዱ እጭ በታየበት ቀን ላይ ያርፋል፣ ሌላው ሕመምተኛው በተገኘበት። በመካከላቸው ያለው ርቀት ባዮሎጂ ነው። እጭ አድጎ ትንኝ እስኪሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ በትንኟ ውስጥ እስኪበስል ያለው ጊዜ በሙቀቱ ይወሰናል፤ 111ን ከሙቀቱ ላይ 16 ተቀንሶ ለቀረው ማካፈል ነው። በ28 ዲግሪ 9 ቀን ገደማ ይሆናል፣ በ20 ዲግሪ ወደ 28 ቀን ይሄዳል። ሰው ከተነከሰ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ቀን ይጨመር። ለቆላው ድሬዳዋ ድምሩ ከ25 እስከ 40 ቀን ይሆናል፤ በማስመሪያው ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር። ለወይና ደጋው ሐረር ድልድዩ በጣም መርዘም አለበት። ስለዚህ እግሮቹ እንደ መሳቢያ የሚንሸራተቱ ሆነው ከ4 እስከ 14 ሴንቲሜትር ይከፈቱ። እዚህ ላይ ምልክቶቹ 3 ሴንቲሜትር ይሁኑ፤ ኅዳጋቸው ሲጨመር 4 ስለሚሆን ሁለቱ እግሮች እስከ 4 ሴንቲሜትር መቀራረብ ይችላሉ።

ድልድዩን በ6 ሴንቲሜትር ቆርጦ በምስማር መምታት ቀላል ነበር፤ አናጺውም ያንን ይመርጣል። ግን ዕቃ የሚፈቅደውና የሚከለክለው ነገር አለው፤ የከለከለውን ደግሞ ማንም አያስበውም። የዲኤንኤ ታሪክ ውስጥ ይህ በግልጽ ታይቷል። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ ጄምስ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1953 ቤዝ የሚባሉትን የአራቱን የዲኤንኤ ፊደሎች ቅርጽ ከካርቶን ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ሲያገጣጥም አዴኒንና ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ጥንድ እንደሚሠሩ አየ። ከዚያ በፊት ግን አልገጠመለትም ነበር፤ ከመጻሕፍት የወሰደው የጓኒንና የታይሚን ቅርጽ ሃይድሮጅኑ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር። ያንን ያረመው ኬሚስቱ ጄሪ ዶናሁ ነው። በተሳሳተው ካርቶን ዓመት ሙሉ ቢሞክር አይገጥምም ነበር። ለዚህ ነው የእንጨት ዕቃ ንድፍ ከመቆረጡ በፊት ባዮሎጂውን የሚያውቅ ሰው በወረቀት ቅርጽ ላይ ቁጭ ብሎ «ይሄ ምን ይከለክላል?» ብሎ መመርመር ያለበት። የመጀመሪያው ሙከራ ከካርቶን ይሁን። አንድ ቀን ከሰዓት በመቀስ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ፕሮግራም አይጻፍ፣ ካሜራ አይሰካ። አንድ ሰው ኮምፒዩተሩን ሆኖ ውጤቱን በእርሳስ ይጻፍ። በካርቶን ያላገለገለ ዕቃ በእንጨት አያገለግልም።

የመረጃው አያያዝ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ዜሮና ባዶ አይደባለቁ። በ350 ሚሊ ሊትር መጥለቂያ አሥር ጊዜ ተጠልቆ እጭ ያልተገኘበት በርሜል «0» ነው። ማንም ያልከፈተው በርሜል ባዶ ነው። ካርታው ላይ ሁለቱም ንጹሕ ከመሰሉ ተመራማሪው ያልተጠናውን ሰፈር ከወባ ነፃ ነው ይላል። ያልታየው ቦታ በሰያፍ መስመር ይሸፈን፤ ዓይን እንዲጎረብጠው። ስንት ጊዜ እንደተጠለቀም ይመዝገብ፤ ሁለት ጊዜ ተጠልቆ የተገኘ 6 እጭና ሃያ ጊዜ ተጠልቆ የተገኘ 6 እጭ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ዕቃ ዕጣ ነው፤ ከሁሉም አብልጠን የምንወደው ይህንን ነው። በእጅ የሚነካ ማሳያ አደገኛ የሚሆነው በጣም ስለሚያሳምን ነው። ቀለበቱን እያዞሩ፣ ድልድዩን እያንሸራተቱ ሲቆዩ አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር መግጠሙ አይቀርም፤ በአጋጣሚም ይገጥማል። ዕጣው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሞኒተሩ 20 ትንንሽ ካርታዎችን ያሳያል። በ19ኙ የሕመምተኞቹ ቀን በቤቶቹ መካከል እንደ ዕጣ ተቀላቅሏል፤ አንዱ ብቻ እውነተኛው ነው። መረጃውን ያላየ የሥራ ባልደረባ ይጠራና «ከእነዚህ የትኛው ይለያል?» ይባላል። እውነተኛውን በግምት የማግኘት ዕድሉ ከ20 አንድ ነው። ካላወቀው አየን ያልነው ነገር ምናልባት አልነበረም። ካወቀው ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራ። አስቀድሞ ካርታውን ያየ ሰው መምረጥ አይችልም፤ ሕጉ በዚህ ላይ ጥብቅ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ከስክሪን የሚበልጥበት ነገር አለ። ዕቃዎቹ ባሉበት ይቆያሉ። መብራቱ ሲመለስ ካሜራው ያነባቸዋል፤ ቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ የድልድዩ እግሮች፣ ሁሉም ያቆሙበት ላይ ናቸው። ሞኒተሩ ጨልሞ እያለም ሰዎች ዕቃዎቹን እያዩ መነጋገር ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ዋጋው በዕቃው አቀማመጥ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ «ስንት ጊዜ ዞረ» ብሎ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቆጥር ንድፍ መብራት በሄደ ቁጥር ይረሳል። ላፕቶፑ የዕቃዎቹን ቦታ በየሰከንዱ ፋይል ላይ ይጻፍ፤ በኋላ ማን ምን ሞክሮ ምን ላይ እንደደረሰ ከዚያ ይነበባል።

ፕሮጀክተር ከላይ ሰቅሎ ካርታውን ራሱ በብርሃን መሣል ያምራል፤ ግን የሁለተኛ ዓመት ሥራ ይሁን። ቀለም ያለው ብርሃን ምልክቶቹ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ጥቁሩን ከነጩ መለየት ያቅተዋል፤ ዕቃው ባለበት ሁሉ ነጭ ብርሃን ብቻ እንዲያርፍ ፕሮግራሙ መጻፍ አለበት። የድሬዳዋ አቧራና ሙቀትም ለፕሮጀክተር አይበጅም፤ ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ መጽዳት ይኖርበታል።

ጠረጴዛው የሚቀመጠው በደረቁ ክፍል ነው። እንጨት ፈሳሽ ስለሚመጥ በሚገባ አይጸዳም፤ ናሙና ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ አይድረስ፣ ጓንት ያደረገ እጅም አይንካው። ላዩን ለመሸፈን አክሪሊክ የሚያስቡ ካሉ በአልኮል መወልወል ቀስ በቀስ እንደሚሰነጥቀው ይወቁ፤ በሳሙና ውሃ ይጽዳ፣ አለዚያ የማያብረቀርቅ መስታወት ይሻላል። እንግዳ በሚገባበት ቀን ደግሞ የሕመምተኛ ቤት ነጥብ ሆኖ መታየት የለበትም፤ 100 በ100 ሜትር ወደሆነ ሳጥን ይጠቅለል።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም የባዮሎጂ ጥያቄ ይሆናል ማለታችን አይደለም። የፋልሲፓረም ጂኖም 23 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነው፤ በእንጨት አይደረደርም፣ ስክሪን ይበጀዋል። ከአሥራ ሁለት የበለጠ ዕቃ ያለበት ጠረጴዛም መልሶ ሰንጠረዥ ይሆናል። ሳይንቲስቱ ጆን ኬንድሩ ማዮግሎቢን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ሞዴል ሲሠራ 2,500 ያህል የቆሙ ዘንጎች ነበሩት፤ ለአንድ አንግስትሮም (የአተሞች ርቀት መለኪያ) 5 ሴንቲሜትር ስለሰጠው ትልቅ ነበር፣ ዘንጎቹ ግን ዕይታንም እጅንም ይከለክሉ ነበር። ቦታ፣ ጊዜና ጥቂት ተለዋዋጭ ያለው ጥያቄ፤ ጠረጴዛው የሚያገለግለው እዚያ ነው። የማሽላ ዝርያዎች በየትኛው ከፍታ እንደተሰበሰቡ፣ አንድ የቡና በሽታ ከየትኛው ማሳ ወደ የትኛው እንደሄደ ለሚመረምሩ የሐረርና የሐሮማያ ባልደረቦቻችን ይህ ንድፍ ካርታውን ብቻ ቀይሮ ይሠራል።

መጥቀሙ እንዴት ይታወቅ? «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ አዲስ ነገር ሁሉ ይወደዳል። ስምንት ጥንድ ተመራማሪዎች ይውሰዱ። አራቱ ጥንዶች መጀመሪያ በኤክሴል፣ ቀጥሎ በጠረጴዛው፣ የቀሩት አራቱ በተቃራኒው ይሥሩ። ለሁለቱ ዙሮች የተለያየ መረጃ ይሰጣቸው። ከመረጃዎቹ በአንዱ ሆን ተብሎ የተቀበረ ግንኙነት ይኑር፣ በሌላው ምንም አይኑር። የሚቆጠረው ስንት ግምት ጮክ ተብሎ ተነገረ፣ ከዚያ ስንቱ ተፈተነ፣ በባዶው መረጃ ላይ ስንት ጥንድ «አገኘን» አለ፣ ዕቃውን ያንቀሳቀሰው ሁልጊዜ አንዱ ሰው ነው ወይስ ሁለቱም የሚለው ነው። በባዶው መረጃ ላይ ብዙ ግኝት የሚያስገኝ ጠረጴዛ ቢያምርም ወደ አናጺው ይመለስ።

የበጀት ኮሚቴዎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ የምንጠይቃቸው ትንሽ ነው። የማሳያ ግዥ ሲቀርብላቸው ከጥያቄው ጋር የካርቶን ሙከራው ውጤት አንድ ገጽ ተያይዞ ይምጣ፤ የትኛው ጥያቄ፣ የትኛው ዕቃ፣ ማን ሞከረው። ለአናጺው በሚሰጠው ትእዛዝ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ሦስት፣ ሁሉም ከአንድ ጣውላ ይባል። ድልድዩ ይጠፋል፣ የቀለበቱ እጀታ ይሰበራል፤ በኋላ ከሌላ ጣውላ የሚቆረጠው ተተኪ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢለይ ማረሚያው ልክ መሆኑ ይቀራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በድሬዳዋ የባዮሎጂና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች